ለቦዩ ዳር የተመረጠችው ብስክሌት

የልጅ ልጄ ናትናኤል ብስክሌት ሊገዛ ነው። ወሬው ቤታችን ከገባ ሰንብቷል። ከኮሌጅ ጓደኞቹ ጋር ሆነው አሮጌውን ቦይ ዳር ዳሩን ይዘው፣ ከሮቤ በላይ ወንዙ እስከሚጠለፍበት ድረስ ሊነዱ፣ እዚያው ድንኳን ተክለው ሊያድሩ ነው። ሽርሽር ይሉታል። እኔ በዕድሜዬ በዚያ ቦይ ዳር ለሽርሽር የሄደ ሰው አላየሁም። ትናንት ከሐኪም ቤት ስንመለስ «እማማ፣ አንድ ጊዜ ጎራ እንበል» ብሎ ገበያው ማዶ ካለ ሱቅ አስገባኝ። ባለሱቁ ሁለት ብስክሌቶች ጎን ለጎን አቁሞ ይጠብቀው ኖሯል። አንዷ ቀጠን ያለች፣ ጎማዋም አውራ ጣት የሚያህል ነው። ሁለተኛዋ ደልደል ያለች፣ ጎማዋ ወፍራም፣ ላዩ ላይ እንደ በቆሎ ፍሬ የተደረደረ ጥርስ ያለው።

«እርስዎ ቦዩን ያውቁታል፤ እዚያ አይደል ያደጉት?» አለኝ ናቲ። «አፈሩ እንዴት ነው? የቱ ጎማ ይሻለኛል?»

ልመልስለት አፌን ስከፍት የአዲስ ጎማ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። የወፍራሟን ብስክሌት መቀመጫ ይዤ ቆምኩ። ባለሱቁ ደህና ልጅ ነው፣ «ሃደ ቲያ፣ እናቴ፣ ይቀመጡ» ብሎ የለስላሳ ሳጥን ገልብጦ አስቀመጠኝ። ደክሟት ነው ብለው ሁለቱም ተጨነቁ። አልደከመኝም። ተናድጄ ነው። ይህን ያህል ዘመን የቆየ ንዴት በአንድ ሽታ ተመልሶ ይመጣል ብዬ እኔም አላሰብኩም ነበር።

የአባቴ ቤት ከጎባ ወደ ሮቤ ሲወረድ ከመንገዱ ገባ ብሎ ነበር። መሬቱ የእኛ ነበር። የእኛ የሆነውም አያቴ ከሸዋ ከጦሩ ጋር መጥቶ ከነሰዉ ስለተሰጠው ነው። በቤታችን ግን ይህ ታሪክ ሲወራ «ባዶ ሜዳ ላይ ሰፍሮ አገር አቀና» እየተባለ ነው። ባዶ ሜዳ ከነበረ ያንን ሁሉ ቦይ ማን ቆፈረው? እዚያው የነበረው ሰው ነዋ። ገባር ተብሎ፣ የራሱን ገብስ አረም እየበላው፣ ስንቁን ከቤቱ ይዞ እየመጣ ቆፈረው። አያቴ ከአገሩ ሲነሳ በልቡ ይዞት የመጣው ነገር የውኃ ወፍጮ ነበር አሉ። ስለዚህ የሻያን ወንዝ ከላይ አስጠልፎ፣ ኮረብታውን በወገቡ አዙሮ፣ ውኃውን ቤቱ ሥር ከተከለው ወፍጮ አገባው። ጥሩ ቦይ ነበር፤ አልዋሽም። ዳሩ አንድ ሰው ብቻ የሚያስኬድ የአፈር ግድብ ነው፤ በአንድ በኩል ውኃው፣ በሌላው በኩል ቁልቁለቱ።

አያቴ ያላሰበው የከብት መንገዱን ነው። ከቦዩ በታች ሆራ አለ። ሆራ ጨው ያለው ምንጭ ነው፤ የባሌ ላም እሱን በየጊዜው ካልጠጣች ጸጉሯ ይቆማል፣ ትከሳለች፣ ትነጥፋለች። ከላይ ያሉት ሰዎች ከብታቸውን ወደዚያ የሚያወርዱበትን መንገድ ቦዩ መሀል ለመሀል ቆረጠው። ከብት ሲሻገር የአፈሩን ግድብ ይንደዋል፤ ግድቡ ሲናድ ወፍጮው ይቆማል። አያቴም አትሻገሩም አለ። በዚህ ጊዜ ሴቶቹ ወጡ። የአርሲ ኦሮሞ ሴት ስትዳር እናቷ ሲንቄ የምትባል ቀጭን በትር ትሰጣታለች። በደል ሲደርስባቸው ሴቶቹ ሲንቄያቸውንና እርጥብ ሣር ይዘው መንገድ ላይ ይቆማሉ። ሲንቄ የያዘች ሴት በቆመችበት ፈረሰኛ አያልፍም፤ ወርዶ ያዳምጣል። ሕግ ነው። አያቴ በፈረስ መጣና ወረደ። ለምን እንደወረደ በቤታችን ሁለት ወሬ አለ። አባቴ «ጨዋ ስለነበር ነው» ይላል። አሮጌው አሽከራችን ደግሞ «ፈረሱ ነው እምቢ ያለው» ይል ነበር። እኔ አሽከሩን ነው የማምነው። ያም ሆነ ይህ ወረደ፣ ተነጋገሩ፣ መሻገሪያው ላይ የቦዩ ወለልም ዳሩም በሰፋፊ ጥቁር ድንጋይ ተነጠፈ። ከዚያ ወዲያ ከብቱ በድንጋዩ ላይ ይሻገራል፣ ግድቡም አይናድም። አያቴ እዚህ አገር መጥቶ ከሠራው ሁሉ ትክክል የነበረው ይኸ ብቻ ነው፤ እሱንም ልጁ አፈረሰው።

እናቴን አላውቃትም። እኔን ወልዳ በአራስ ቤት ሞተች። ያጠባችኝ ከመሻገሪያው በላይ ትኖር የነበረችው የገባራችን ሚስት አዴ ሙሚና ናት፤ አዴ እናት እንደማለት ነው፤ እሷም በዚያው ሰሞን ልጇን ጣሂርን ወልዳ ነበር። አባቴ ይህ ሲነሳ አይወድም። የክርስቲያን ልጅ የእስላም ጡት ጠባች መባሉ ያሳፍረዋል። ሰው ሲጠይቀው «በላም ወተት አደገች» ይላል። እሱም ቢሆን የአዴ ሙሚና ላም ወተት ነበር። እኔ እግሬ ከጠና ጀምሮ ቀኑን የምውለው እሷ ዘንድ ነው። አማርኛን ከአባቴ ቤት፣ ኦሮምኛን ከእሷ ጭን ላይ ተማርኩ። የሆራ ቀን ሲደርስ ጸጉሬን ቅቤ ቀብታ፣ የጣሂርን ነጠላ ደርባልኝ ይዛኝ ትወርዳለች። መንገድ ላይ ላሟን በስሟ እየጠሩ የሚያሞግሱበት ዘፈን ነበራቸው። ግጥሙ ጠፍቶብኛል፤ ዜማው ግን እስከ ዛሬ ዕቃ ሳጥብ ይመጣብኛል። ድንጋዮቹ ከከብቱ ኮቴ ብዛት መሀላቸው ጎድጉዶ ነበር። ዝናብ ሲዘንብ ውኃ ይቋጥሩና እኔና ጣሂር በሆዳችን ተኝተን ፊታችንን እናይባቸው ነበር።

ከዚያ ጣልያን መጣ፣ ኖረ፣ ሄደ። ፖለቲካውን የሚያውቀው ይጻፈው። እኔ የማስታውሰው ጎባን ነው። ጠገራ ብር ተቀብሮ ሊሬ ወጣ፤ ሊሬው ረክሶ ጠገራው ከጉድጓድ ተመለሰ። አንድ ጠገራ ይዞ ገበያ የወጣ ሰው ጨውም፣ ቡናም፣ አቡጀዲም ሸምቶ ለልጁ ከረሜላ ይተርፈው ነበር። ጎረምሶቹ በርኖሳቸውን ጥለው ካኪ ሱሪ ለበሱ፤ ሴቱ በባዶ የሽቶ ጠርሙስ ተሻማ። ከገበያው ወደ ላይ የሚወጣው መንገድ ጥግ ላይ አንድ ዳቦ ቤት ተከፍቶ ነበር፤ በዚያ ሳልፍ አፌ ውኃ ይሞላል፣ አባቴ ግን «የፈረንጅ እንጀራ» እያለ አይገዛልኝም። ጣልያን ሲሄድ ጥሎት ከሄደው ሁሉ ሰው የተሻማው ቆርቆሮና ብስክሌት ላይ ነው። በአረቦቹ ሱቅ ደጃፍ ብስክሌት እንደ ሙክት ታስሮ ይሸጥ ጀመር።

አባቴ ግራዝማች ይፍሩ ጣልያን የነጠቀውን መሬት መልሶ ሲይዝ ወፍጮው ፈርሶ ጠበቀው። ለወለሉ ሰፊ ድንጋይ ያስፈልገዋል። ድንጋይ በባሌ ሞልቷል፤ ግን መፍለጥ አለ፣ ማንከባለል አለ። የተፈለጠና የተስተካከለ ድንጋይ የት እንዳለ ደግሞ ያውቃል። የመሻገሪያውን ድንጋዮች አስነቅሎ፣ በበሬ አስጎትቶ፣ ወፍጮ ቤት አስነጠፋቸው። ከብቱ በባዶው አፈር ላይ ተሻገረ፣ ግድቡ ተናደ፣ አዲሱ ወፍጮ ቆመ። አባቴ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ከብት ቦዬን አፈረሰብኝ።» ድንጋዩን ያነሳው ማን ነው የሚለው ሰው በቤታችን አልነበረም። መሻገር ተከለከለ። ጠባቂ በፈረስ ቢያዞር የፈረሱ ኮቴ ከከብቱ አላነሰም። ጠባቂ በእግር ቢያዞር እሱ ታች ሲደርስ እነሱ በላይ ይሻገራሉ። በዚህ መሀል ነው ታላቅ ወንድሜ ደምሴ «አባባ፣ ብስክሌት እንግዛ» ያለው። ደምሴ በጣልያን ጊዜ ጎባ ውስጥ መንዳት ተምሮ፣ የሚነዳው አጥቶ ሲቁነጠነጥ የከረመ ጎረምሳ ነበር።

ጎባ የወጣነው በገበያ ቀን ነው። አባቴ ጫማ እገዛልሻለሁ ስላለኝ እኔም ተከተልኩ። እሱ በበቅሎ፣ እኛ በእግር፣ ከኋላችን አንዲት ጭነት አህያ። መንገደኛው ሁሉ አህያዋ ምን እንደጫነች ይጠይቃል። አፈር ነበር። አባቴ ከቦዩ ግድብ ላይ እርጥብ መረሬ አስቆፍሮ በስልቻ አስጭኖ ነበር። ደምሴ አፍሮ አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል።

የአረቡ የሳልህ ሱቅ ከዳቦ ቤቱ ቀጥሎ ነው። ሳልህ ሽርጡን አገልድሞ ደጁ ላይ ተቀምጧል። «አህለን ግራዝማች። ምን ዓይነት ብስክሌት ነው የፈለጉት?» አለው።

«ቦይ ዳር የሚሄድ» አለ አባቴ። «ግድቤን የማይቆርጥ፣ ጭቃ የማይዘው፣ ልጄን ውኃ ውስጥ የማይከት።»

ይህን ብሎ ስልቻዎቹን ሱቁ ደጃፍ አስዘረገፈ። አፈሩን እንደ ግድቡ አድርጎ አስደለደለ፣ ውኃ አስረጨበት። የገበያው ሰው ሥራውን ትቶ ከበበን። ሳልህ በሳቅ ፈረሰ፤ ደግሞም ብስክሌቶቹን አወጣ። ደምሴ ዓይኑ ያረፈው በመጀመሪያዋ ላይ ነው፤ ቀይ፣ መሪዋ እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የታጠፈ፣ ጎማዋ ቀጭን። በአፈሩ ላይ አስነዳት። አባቴ ከበቅሎው ወርዶ፣ ተንበርክኮ፣ ጣቱን በጎማው ፈለግ ውስጥ ሰደደ። ጣቱ እስከ መገጣጠሚያው ገባ።

«ይቺ ማረሻ ናት» አለ።

«ፈጣን ናት እኮ አባባ» አለ ደምሴ።

«ፈጣን ማረሻ ናት። አንሳት።»

ሁለተኛዋ ከመሀሏ ዝቅ ያለች፣ የሴት ነች የሚሏት ዓይነት ነበረች። እሷ ፈለጓ ደህና ነው፤ ግን መረሬው ከጎማዋና ከፓራፋንጎዋ፣ ከጭቃ መከላከያ ቆርቆሮዋ፣ መሀል ገብቶ ተጠቀጠቀ፤ ጎማው መዞር አቃተው፣ ደምሴ ወርዶ በእንጨት መፈልፈል ጀመረ። ሰው አውካካ። ሦስተኛዋ የወታደር ነበረች። አመድማ፣ ከባድ፣ ኋላዋ ዕቃ መጫኛ ያላት፣ ጎማዋ የሕፃን ክንድ የሚያህል። አባቴ ፓራፋንጎዎቿን አስፈትቶ አስጣላቸው። ከዚያ «ነፋሱን ትንሽ ቀንሱላት» አለ። ሲቀነስላት ጎማዋ በአፈሩ ላይ ጠፍጠፍ ብሎ ሄደ፤ የተወው ፈለግ በመዳፍ የተዳሰሰ ይመስል ነበር። አባቴ አሁንም ተንበርክኮ ጣቱን ሰደደ፤ ጣቱ የሚገባበት አጣ። እንደዚያን ቀን ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

«ግራዝማች፣ የዚህች ጎማ ቢያልቅ ሌላ አያገኙም» አለ ሳልህ።

«ያለህን ሁሉ ስጠኝ» አለ አባቴ።

ሳልህ በቡኒ ወረቀት የተጠቀለሉ አዳዲስ ጎማዎች ከጓዳ አወጣ። አንዱን እኔ በትከሻዬ አንግቼ እስከ ቤታችን ተሸከምኩት። ያ ነው ሽታው። ቀሚሴ ላይ ቀርቶ በአመድ ባጥበውም አልለቅ አለኝ። ሳልህ ገንዘቡን ተቀብሎ፣ ከመሳቢያው አንዲት የምታብረቀርቅ ደወል አወጣና መሪዋ ላይ አሰራት፤ «ይቺ ምራቂ ናት» አለ። ደምሴ መንገዱን ሙሉ ደወሏን እያንቃጨለ ተመለሰ። ጫማዬን ሁሉም ረስተውት ነበር።

ብስክሌቷ ዝነኛ ሆነች። ጎባ ጠጅ ቤት ውስጥ አንድ አዝማሪ

«የግራዝማች ፈረስ ገብስም አልቀመሰ፣
ነፋስ ተሞልቶለት ከነፈ ገሰገሰ»

ብሎ ገጠመላት፤ ደምሴም ሸለመው። ቦዩ ዳርም ለተመረጠችበት ሥራ አላነሰችም። ኮቴ የላትም፣ አትሰማም። ከብት ይዘው ሊሻገሩ ሲሉ ደምሴ ከኮረብታው ጀርባ ብቅ ይላል። ከብቱ ይያዛል፣ በረታችን ውስጥ ይዘጋል፣ ባለቤቱ ወፍጮ ቤት ጉልበቱን ከፍሎ ያስፈታል። ብዙም ሳይቆይ የሚሞክር ጠፋ። ጠባቂ አጥሮት የነበረው ቦይ በአንዲት ብስክሌት ተዘጋ። ከላይ ያሉት ከብቶች ጸጉራቸው ቆመ። አዴ ሙሚና ዘንድ ስሄድ የማስታውሳት ላም አጥንቷ ወጥቶ አየኋት። እኔ ያደግሁበት ወተት ነጠፈ።

በፋሲካ አባቴን ጉልበቱን ስንስም አንድ ነገር መለመን ልማድ ነበር። ደምሴ ጠመንጃ ለመነ፣ እሺ ተባለ። የእኔ ተራ ሲደርስ «አባባ፣ ድንጋዮቹን ይመልሱላቸው» አልኩት።

«ማን ላከሽ?»

«ማንም አልላከኝም።»

«የጠባሽው ነው የሚያናግርሽ» አለኝና ፊቱን አዞረብኝ።

ሴቶቹ የወጡት ከዚያ በኋላ ነው፤ ሌሊቱን ዘንቦ ባደረ በአንድ ጠዋት። ድንጋዮቹ በነበሩበት መሻገሪያ፣ ግድቡ ላይ፣ ሲንቄያቸውንና እርጥብ ሣራቸውን ይዘው ተሰለፉ። ከፊት አዴ ሙሚና ነበረች። ወንዶቹ እንደ ሕጉ ራቅ ብለው ቆመዋል። እኔና ጣሂር ከመሻገሪያው ከፍ ካለች ጉብታ ላይ ተቀምጠናል። ማንም አልፈራም። አያቶቻቸው እዚያው ቦታ ላይ ቆመው ጠመንጃ የያዘውን አያቴን ከፈረሱ አውርደውታል፤ የልጅ ልጁ አይወርድም ብሎ ማን ያስባል? እኔም ወንድሜ ወርዶ፣ አንገቱን ደፍቶ ሲያዳምጥ እያሰብኩ በሆዴ ደስ ብሎኝ ነበር።

ደምሴ ከኮረብታው ጀርባ ብቅ አለ። እዚያ ጋ መንገዱ ወደ መሻገሪያው ቁልቁል ነው። ከሩቅ አያቸው። ደወሏን አንቃጨለ። ሴቶቹ አልተንቀሳቀሱም። ደግሞ አንቃጨለ። እጁ ደወሉ ላይ እንጂ ፍሬኑ ላይ አልነበረም፤ ይህንን በዓይኔ አይቻለሁ። ቀጭኗ ብስክሌት ብትሆን ኖሮ ያን ጠዋት ግድቡ ውስጥ ሰምጣ ትቆም ነበር፤ የሴቷም ብትሆን መረሬው ጎማዋን ይዞ ያስቀራት ነበር። ይቺ ግን ተመርጣ የተገዛች ናት። አልሰመጠችም፣ አልተንሸራተተችም፣ ጭቃ አልያዛትም። በቀጥታ መጥታ አዴ ሙሚናን መታቻት። አዴ ሙሚና ቁልቁል ወደቀች፤ ሲንቄዋ ለሁለት ተሰበረ።  እኔ እየተንሸራተትኩ ስደርስ ዳሌዋን ይዛ ሰማይ ሰማይ ታያለች። ደምሴ ብስክሌቷን አንስቶ ጎማዎቿን እየጫነ ያያል። ነፋስ እንኳ አልጎደላቸውም።

«ደውዬላቸው ነበር እኮ» አለኝ።

ማታ ለአባቴም ይህንኑ አለ። «ደወልኩ፣ አልነሳ አሉ። ሕጋቸው ደግሞ ለፈረሰኛ ነው። እኔ ፈረስ ላይ አልነበርኩም።» አባቴም «እሱስ እውነት ነው» አለ። እኔ ያንን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። አያቴ ያልተማረ ወታደር ነበር፤ ፈረሱ ቢያቆመውም ወርዶ ማዳመጡን አልተወም፤ እሱ እንኳ ሲንቄ የሚያቆመው ሰውን እንጂ ፈረስን እንዳልሆነ ገብቶት ነበር።

ሽማግሌዎቹ መጥተው ከደጃችን ካለው ኮሶ ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ለተሰበረው አጥንት አንዳች አልጠየቁም። ድንጋዮቹ ቦታቸው ይመለሱ፣ መሻገሪያው ይከፈት፣ በዚህ ይብቃ ነው ያሉት። አባቴ ለጋስ መሆኑን ሊያሳይ ፈልጎ አንዲት ጊደር አስነዳና ፊታቸው አቆመላቸው። ከመሀላቸው በዕድሜ የገፉት ጊደሯን ደባበሷት፤ ከዚያ «ግራዝማች፣ ይቺም ሆራ ትፈልጋለች። በየት እናሻግራት?» አሉ። አባቴ ቁጣው መጣ። ተነስቶ ቆመና «ያንን ድንጋይ ከወፍጮዬ ከማወጣ መቃብሬ ላይ ይጫን» አለ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ጊደሯን እዚያው ትተው ሄዱ።

የአዴ ሙሚና ቤተሰብ በዚያው ሳምንት ለቆ ወጣ። እሷን በቃሬዛ ተሸክመው፣ ከብቶቻቸውን ከፊት ነድተው፣ በሰነቴ ተራራ አድርገው ወደ ሃረና ጫካ ወረዱ። ማለፋቸውን ሰምቼ ከቤት ሮጥኩና መንገድ ላይ ደረስኩባቸው። አቆሙልኝ። ፊቷ ጠቁሮ ነበር። እጇን ራሴ ላይ አድርጋ «ኢን ቦኢን፣ ኢንተለ ቲያ» አለችኝ። አታልቅሺ ልጄ ማለቷ ነው። ጣሂር ግን ዞሮም አላየኝ። ምን ብሎ ይየኝ? ከሃረና ማዶ ከደሎ መና ማር ይዘው ከሚመጡት ነጋዴዎች አንዱ ክረምቱ ከመውጣቱ በፊት መሞቷን ነገረኝ። የት እንደተቀበረች አላውቅም። ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ በአውቶቡስ ወርጄ ሃረና ውስጥ ጠይቄያለሁ፤ ቡና የሚለቅሙ ሰዎች በጫካው ውስጥ ወዲያና ወዲህ ጠቆሙኝ፣ ቦታውን የሚያውቅ አጣሁ። ሁለት እናቶች ነበሩኝ፤ በሁለቱም መቃብር ላይ አላለቀስኩም። አንዷን ሳላውቃት ሄደች፣ አንዷን የገዛ ቤቴ ሰዎች ወሰዱብኝ።

ወፍጮው ትንሽ ዘመን ፈጨ። ከዚያ ቤተሰብ በቤተሰብ ገባሩ እየለቀቀ ሄደ፤ ቦዩን የሚጠርግ ጠፋ፣ ደለል ሞላው። ሮቤ ውስጥ የሞተር ወፍጮ መጣ። ኋላም ዘመኑ ተገለበጠና መሬቱም ሄደ። ዘመዶቼ ሲያለቅሱ እኔ እንባ አጣሁ። ዛሬ ቦዩን ገበሬዎቹ መልሰው ጠርገውት ድንችና ነጭ ሽንኩርት ያጠጡበታል፤ ከብቱም እንደ ልቡ ይሻገራል። ደምሴ እስኪሞት ድረስ ለቅሶ ቤትም ሠርግ ቤትም የብስክሌቷን ግዢ እያወራ ሰው ያስቅ ነበር። አፈሩ፣ ስልቻው፣ የአባቴ ጣት፣ የአዝማሪው ግጥም፣ ሁሉም አለበት። ሴቶቹ ግን በወሬው ውስጥ የሉም። እኔ ከዚያ ተነስቼ ስወጣ «ጠባይዋ ነው» ይባላል።

አባቴ ሲሞት ደምሴ ለመቃብሩ ድንጋይ ፈለገ። አዲስ ማስጠረብ ከበደውና ከፈረሰው ወፍጮ ቤት አንዱን ሰፊ ጥቁር ድንጋይ አስነቅሎ አመጣ። አባታችን በኮሶው ሥር ያለውን እሱም ሰምቷል፤ ረስቶት ነው። እኔ ድንጋዩ ከጋሪ ሲወርድ መሀሉ መጎድጎዱን አይቼ አወቅሁት። እሱ ራሱ የተመኘው ነው ብዬ ተውኩት። በየዓመቱ ለሙት ዓመቱ ጎባ ወጥቼ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ድንጋዩን አየዋለሁ። ዝናብ ዘንቦ ከሆነ ጉድጓዱ ውኃ ቋጥሮ ይጠብቀኛል። ጎንበስ ብዬ ፊቴን አያለሁ፤ አጠገቤ ጣሂር የለም። ሰዎቹ አባቷን እያለቀሰች ነው ብለው ክንዴን ይይዙኛል።

«እማማ፣ ሰውየው እየጠበቀን ነው» አለኝ ናቲ።

ባለሱቁ ወፍራሟን ብስክሌት ወደ ፊት አቅርቧታል። ናቲ ጎማዋን በአውራ ጣቱ ጫን ጫን ያደርጋል፤ ልክ እንደ ደምሴ። ልጁ ጥፋት የለበትም። ስለዚያ ግድብ የሚያውቀው ለፎቶ የሚያምር መሆኑን ብቻ ነው።

«ቀጭኗን ግዛ» አልኩት።

ሁለቱ ተያዩ። «እናቴ» አለኝ ባለሱቁ በትሕትና፣ «ለቦይ ዳር እኮ ወፍራሟ ናት የምትሻለው። ቀጭኗን ጭቃ ይይዛታል። መሀል መንገድ ላይ ታስቆመዋለች።»

«አውቃለሁ» አልኩት። «ታስቁመው።»